ጆሮ ላለው ሁሉ የሚናገር መገናኛ

ከደሴ መናኸሪያ ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ሐረጎ ቁልቁለት ሲደርስ ከፍሬኑ በፊት የሚደክመው ሬዲዮው ነው። ከተማ ውስጥ ጥርት ብሎ ይሰማ የነበረው የኤፍ ኤም ጣቢያ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ይንኮሻኮሻል። አንዱ ኩርባ ዘፈኑን ይውጠዋል፣ ቀጣዩ ግማሹን ይመልሰዋል። ሾፌሩ አንዴ ቁልፉን ነካ ነካ ያደርግና ይተወዋል፤ ወይ ፍላሽ ይሰካል። መንገዱን የለመደ ተሳፋሪ ነገሩን ከቁብም አይቆጥረው።

ጥፋቱ የተራራው ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ በመንገድ ከ25 ኪሎ ሜትር አትርቅም፤ ነገር ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ቆላው አፋፍ ላይ ነች። የኤፍ ኤም ስርጭትና የእጅ መገናኛ ሬዲዮ የሚጠቀሙበት ቪኤችኤፍ የተባለው ሞገድ ደግሞ በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ገደል ሲያጋጥመው ይቀራል። ስለዚህ ደሴ ፒያሳ ቆሞ ኮምቦልቻ ካለ ባልደረባው ጋር በእጅ መገናኛ ማውራት የፈለገ ፖሊስ፣ ወታደር ወይም የድርጅት ጥበቃ ከፍታ ላይ የተተከለ ሪፒተር ያስፈልገዋል። ሪፒተሩ ከአንዱ ወገን የመጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ፣ አጠንክሮ፣ ለሌላው ወገን ይረጫል።

ሲረጭ ግን መርጦ አይረጭም። ከተራራው አናት የሚታይ ማንኛውም ሰፈር፣ ተስማሚ መቀበያ ያለው ማንኛውም ሰው፣ ለአንድ ሻምበል ብቻ የታሰበውን ቃል ይሰማል። ንግግሩ በምስጢር ካልተቆለፈ በቀር ሬዲዮ አድማጩን የሚለይበት መንገድ የለውም።

በአሜሪካ ይህን በአየር ላይ የተበተነ ንግግር ለቅሞ መስማት ለረጅም ዘመን የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ ኖሯል። ስካነር የሚባሉት ሬዲዮኖች በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮችን በየተራ እየፈተሹ፣ ሰው የሚናገርበት ላይ ሲደርሱ ቆም ይላሉ። በጦር ሰፈሮች አቅራቢያ የሚኖሩ አድማጮች የወታደራዊ ፖሊሱን፣ የበር ጥበቃውንና የእሳት አደጋ ቡድኑን መስመሮች በቃላቸው ያውቃሉ። ትልቅ ምስጢር እንጠብቃለን ብለው ለሚጀምሩ ግን የሚሰሙት ነገር ያሳፍራል፦ መታወቂያውን ረስቶ በር ላይ የቆመ ወታደር፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የተነካኩ ሁለት መኪኖች፣ ሌሊት ያለምክንያት የጮኸ የመጋዘን ደወል። እዚያ ያልተቆለፈ የፖሊስ ንግግር መስማት በአብዛኛው አያስከስስም። ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር ግን ለአንተ ያልተላከን የሬዲዮ መልእክት ሆን ብሎ ማዳመጥ በራሱ ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. የ2006 የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ሕጋቸው ይህን በግልጽ ይከለክላል።

ደሴና ኮምቦልቻ የጦር ሬዲዮን የሚያውቁት በመዝናኛነት አይደለም። እዚህ ሲደመጥ የኖረው በሞት ሽረት ሰዓት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አድማጩ ጠላት ነበር።

በኅዳር 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር ጠቅላይ ሰፈራቸውን ደሴ ላይ አደረጉ። ኅዳር 26 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ ቀይ መስቀል የተቀባበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ በአየር መቃወሚያ መትረየስ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ዓለምን የዞረው ያን ጊዜ ነው። ያ ፎቶ የሚያሳየው ጦርነት ግን የሚታየው ግማሽ ብቻ ነበር። ሌላው ግማሽ በአየር ላይ ይካሄድ ነበር፤ በዚያ በኩል ኢትዮጵያ ገና ከጅምሩ ተበልጣ ነበር። ዋናው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ራሱ በኢጣሊያው አንሳልዶ ኩባንያ የተሠራ ነበር። ግንባር ላይ የነበሩት የሬዲዮ መሣሪያዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ የተራራቁት የራሶች ጦሮችም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ለመገናኘት ሌላ ፈጣን መንገድ አልነበራቸውም። የኢጣሊያው አዛዥ የማርሻል ባዶሊዮ ሰዎች ሥራቸው ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ብቻ ሆነ።

ውጤቱ ማይጨው ላይ ታየ። ከውጊያው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ለነበሩት ለእቴጌ መነን በሬዲዮ መልእክት ላኩ። በጠላት ምሽግ ላይ ለመዝመት መወሰናቸውን አሳውቀው፣ ነገሩ ለጳጳሱና ለመኳንንቱ በምስጢር እንዲነገር፣ ጸሎትም እንዲደረግ አዘዙ። በምስጢር ይያዝ የተባለውን መልእክት የኢጣሊያ ጣቢያዎች ጠልፈው አነበቡት። ባዶሊዮ ጥቃት እንደሚመጣበት አውቆ ጠበቀ፤ ጥቃቱም ለቀናት ስለዘገየ ወታደሮቹ ምሽጋቸውን የሚያጠናክሩበት ጊዜ አገኙ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎህ ሲቀድ የክብር ዘበኛው ጦር የወረደው ነቅቶ በሚጠብቅ ጠላት ላይ ነበር።

ማይጨው በሬዲዮ ብቻ ተሸነፈ ማለት ግን ሞኝነት ነው። የመርዝ ጋዙ፣ አውሮፕላኑና መድፉ በቂ ነበሩ። ያም ሆኖ፣ ቀኑን የማያውቅ ጠላት ላይ ድንገት መውደቅና ቀኑን በሚያውቅ ጠላት ላይ መውደቅ አንድ አይደለም። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ለቀው በወጡባት ደሴ ሚያዝያ 7 ቀን የኢጣሊያ ጦር ገባ።

አምስት ዓመት ቆይቶ ጽዋው ተገለበጠ። በ1933 ዓ.ም. ሲደመጡ የነበሩት ኢጣሊያኖቹ ናቸው። ምሥራቅ አፍሪካ ያለው የኢጣሊያ ጦር በባሕር ከአገሩ ተቆርጦ ስለነበር ትእዛዙንም፣ ሪፖርቱንም፣ ልመናውንም በሬዲዮ ከመላክ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። የእንግሊዝ ምስጢር ፈቺዎች በብሌችሊ ፓርክና በካይሮ ሆነው የጦሩንና የአየር ኃይሉን ኮድ እየሰበሩ፣ የጦሩ አዛዥ የአኦስታው መስፍን የሚያስተላልፋቸውን መልእክቶች ለተቀናቃኞቹ ጄኔራሎች ያደርሱ ነበር። በዚያ ዘመቻ አንዳንዱን መልእክት እንግሊዞቹ ያነበቡት ከታሰበለት የኢጣሊያ አዛዥ እኩል ነበር።

ሚያዝያ ውስጥ የብርጋዴር ዳን ፒናር የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ዘመተ። ኢጣሊያኖች ደሴን ለመከላከል የመረጡት ቦታ የኮምቦልቻ አፋፍ ነበር፤ ዛሬ ሚኒባሱ የሚጠማዘዝበት ገደል ማለት ነው። ለቀናት በመድፍ ተታኮሱ። አርበኞች በጎን ተራሮቹን እየወጡ አገዙ፤ ሚያዝያ 18 ቀን ደሴ ተያዘች። በሺዎች የሚቆጠር የኢጣሊያ ወታደር ተማረከ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የአኦስታው መስፍን አምባ አላጌ ላይ እጁን ሰጠ።

የጦርነት አድማጮች ለሙያቸው የሚመች ቦታ ሲመርጡም ዓይናቸው ከዚህ አካባቢ አልራቀም። አስመራ ላይ ኢጣሊያኖች ትተውት የሄዱት «ሬዲዮ ማሪና» የተባለ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1943 ለአሜሪካ ጦር ተሰጠ፤ ከተማዋ ያኔ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረች። ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ነው፣ ሞገድ የሚያውክ ከባድ የአየር ለውጥ የለበትም። በዚያው ዓመት መገባደጃ በበርሊን የጃፓን አምባሳደር የነበረው ሂሮሺ ኦሺማ የጀርመንን የአትላንቲክ ምሽግ ጎብኝቶ ዝርዝር ሪፖርት ወደ ቶኪዮ ላከ። ሪፖርቱን አስመራ ያሉ ጆሮዎች ለቀሙት፤ የኖርማንዲን ወረራ የሚያቅዱ ሰዎች እጅ ገባ። በርሊን የተጻፈ፣ ቶኪዮ የሚጠበቅ ወሬ አስመራ ላይ መያዙን ስናስብ «ሩቅ ነን፣ ማን ይሰማናል» ማለት ከንቱ መሆኑ ይገባናል።

ጣቢያው በኋላ ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃ ስም ይዞ እስከ 1969 ዓ.ም. ቆየ። በሺዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን ሠርተውበታል። የሶቪየት የጠፈር መንኮራኩሮችን ድምፅ ለመስማት የተተከለው አንደኛው ዲሽ ብቻ ወርዱ 150 ጫማ፣ ወይም 46 ሜትር ገደማ ነበር። በሥራ ሰዓታቸው የሌላ አገር ጦር ሲያዳምጡ የዋሉ ወታደሮች፣ ማታ ደግሞ በኢቲ3 በሚጀምር የጥሪ መለያ ከዓለም አማተሮች፣ ማለትም ከትርፍ ጊዜ የሬዲዮ ተናጋሪዎች ጋር ለመዝናናት ያወሩ ነበር። የሙያና የትርፍ ጊዜ ጆሮ ድንበሩ ያን ያህል ቀጭን ነው።

በደርግ ዘመን ጦሩ የሚሸከማቸው መሣሪያዎች ግማሾቹ የአሜሪካ፣ ግማሾቹ የሶቪየት ነበሩ። በጀርባ የሚታዘለው የሶቪየቱ አር-105ኤም ከ36 እስከ 46 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ የአሜሪካው ፒአርሲ-77 ከ30 እስከ 76። ሰው ቤት ያለው ሬዲዮ ኤፍ ኤሙ ከ88 ስለሚጀምር እነዚህን በፍጹም አይነካቸውም። የረጅም ርቀት የጦር መገናኛ ግን በአጭር ሞገድ ላይ ይሄዳል፤ አጭር ሞገድ ደግሞ ማታ ማታ ጀርመን ድምፅንና የአሜሪካ ድምፅን ፍለጋ ቁልፍ የሚያዞር የወሎ ሰው ሁሉ ደጅ ነበር።

ያ ሰው ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ሲሻገር አንዳንዴ ዳክዬ የሚመስል የታፈነ ጩኸት ያጋጥመዋል። ሰው እየተናገረ መሆኑ ይታወቃል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ይህ ባለ አንድ ወገን ሞገድ የሚባለው የማስተላለፊያ ስልት ነው። ኃይል ለመቆጠብ ሲባል አስተላላፊው ተሸካሚውን ሞገድና ከሁለቱ ተመሳሳይ የድምፅ ወገኖች አንዱን ቆርጦ ይጥላል፣ የተቀረውን ብቻ ይልካል። ተራ ሬዲዮ የጎደለውን መሙላት አይችልም። ቢኤፍኦ የሚባል ትንሽ ክፍል ያለው መቀበያ ግን የተቆረጠውን ሞገድ ራሱ ይፈጥርና፣ ቁልፉን ቀስ አድርገው ሲያዞሩት ዳክዬው ወደ ሰው ይለወጣል፤ መጀመሪያ ወፍራም፣ ከዚያ ቀጭን፣ መሐል ላይ ልክ ይሆናል። እንዲህ ያለ መቀበያ በየቤቱ ስላልነበረ በደሴ ቤቶች ውስጥ የነበረው ማዳመጥ የጦር መገናኛውን ሳይሆን ስለጦሩ የሚያወሩትን ጣቢያዎች ነበር፦ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ የበረሃ ሬዲዮኖችን፣ በተለይ ድምጺ ወያነን፣ ከዚያም የኢሕአዴግን ስርጭት። ድምፁ ዝቅ ተደርጎ፣ በሩ ተዘግቶ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በወሎው ተወላጅ በዋለልኝ መኮንን ስም የተሰየመው ዘመቻ ደሴን ሲይዝ ብዙ ሰው ግንባሩ የት እንደደረሰ ቀድሞ ያወቀው ከዚያ ነበር።

የሚገርመው የአጭር ሞገዱ ፍልሚያ በኋላም አለመቆሙ ነው። ከ7,000 እስከ 7,200 ኪሎኸርዝ ያለው መስመር በዓለም አቀፍ ስምምነት ለአማተሮች የተተወ ነው። የኤርትራ መንግሥት ሬዲዮ ግን በ7,140ና በ7,180 አካባቢ ለዓመታት ሲያሰራጭ ኖሯል፤ ከኢትዮጵያ በኩልም እሱን ለማወክ የሚለቀቅ የፏፏቴ ዓይነት ጫጫታ ይሰማ ነበር። ይህን ሲመዘግቡ የኖሩት ሰላዮች አይደሉም። አውሮፓ ውስጥ ቤታቸው የተቀመጡ አማተሮች፣ መስመራችን ተወሰደ ብለው እየተበሳጩ፣ ሰዓቱንና ጥንካሬውን ለማኅበራቸው ክትትል ክፍል ሪፖርት ያደርጉ ነበር። የሁለት ጎረቤት አገሮች ጠብ በአየር ላይ ምን ይመስል እንደነበር ማወቅ የሚሻ የታሪክ ተመራማሪ አንድ ቀን እነዚህን የብስጭት ማስታወሻዎች ማንበቡ አይቀርም።

ከዚያ 2014 ዓ.ም. መጣ። በጥቅምት መገባደጃ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ ጥቅምት 23 በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስልክ ተቋረጠ። ኅዳር 27 ቀን መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን እስኪያሳውቅ ድረስ ከውጭ ያለ ዘመድ ደሴ ያለውን ዘመዱን የሚጠይቅበት መንገድ አጣ። በዚያው ኅዳር ከአስቸኳይ ጊዜ ዕዙ የወጣው መመሪያ የጦር እንቅስቃሴንና የግንባር ውሎን ከተፈቀደለት አካል በቀር ማንም እንዳያሰራጭ ከለከለ። የሰሙትን ማውራት ክልክል በሆነበት ወቅት መስማቱ ራሱ ምን ያህል እንደሚያስፈራ መገመት አያዳግትም።

ሕጉ በሰላም ጊዜም ጠንካራ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግለሰብን የስልክና የቴሌኮም ግንኙነት ይጠብቃል። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ ያለፈቃድ የቴሌኮም ግንኙነትን የጠለፈ ከ10 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚጠብቀው ይደነግጋል፤ መሣሪያ ያለፈቃድ ማስገባትም በዚሁ መጠን ያስቀጣል። ባንድ አገር እሑድ ከሰዓት የሚሠራ ነገር በሌላው አገር የሰው ወጣትነት ያስበላል።

ይህ ጥብቅነት ሁሉም ፍርደ ገምድል አይደለም። ከባድ መኪናዎች በሐረጎ በኩል ወታደር በሚያመላልሱበት ሳምንት የእነሱን መገናኛ የሚያዳምጥና የሰማውን በቴሌግራም የሚለቅ ሰው በሬዲዮ እየተዝናናሁ ነው ቢል ማንም አያምነውም፤ ማመንም የለበትም። ሕጉ የሚያጠፋው ግን እዚያ ላይ አይደለም። የሚያጠፋው ይህን ሰውና አንቴና እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የጓጓ ተማሪን በአንድ ዓይን ሲያይ ነው።

ጉጉቱ ደግሞ ረክሷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሰዎች ለኮምፒውተር ቴሌቪዥን መቀበያ ተብላ የተሠራች፣ ከፍላሽ ብዙ የማትበልጥ ዕቃ በሶፍትዌር ብቻ ከ24 እስከ 1,700 ሜጋኸርዝ በላይ መስማት እንደምትችል አወቁ። በጥቂት አሥር ዶላሮች ትሸጣለች። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ላይ ባለው የቴክኖሎጂ ተቋሙ ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምሕንድስና ያስተምራል። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ በሒሳብ የሚያውቀውን ሞዱሌሽን በዚህች ዕቃ ስክሪኑ ላይ እንደ ሰማያዊና ቢጫ ፏፏቴ ሲፈስ ማየት ይችላል፦ የኤፍ ኤም ጣቢያው ሰፊ ጅረት፣ የእጅ መገናኛው ቀጭን ክር፣ በ1,090 ሜጋኸርዝ ላይ አውሮፕላኖች ከፍታቸውንና ቦታቸውን የሚናገሩበት የሚቆራረጥ ብልጭታ። ይህ የመጨረሻው ከነአካቴው ምስጢር የለውም፤ እንዲሰማ ተብሎ የሚላክ ነው። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያም ቅርብ ነው።

የጦሩና የፖሊሱ ቀጭን ክርስ? ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በዓለም ላይ ፒ25ና ቴትራ የተባሉት ዲጂታል መገናኛዎች ተስፋፍተዋል፤ ንግግሩ ከተቆለፈ አድማጩ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው። በአሜሪካ የወታደራዊ ፖሊስ መስመሮች አንድ በአንድ ሲዘጉ ነባር አድማጮች አዝነዋል። ቁልፍ ግን ሰው ካልቆለፈው አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2011 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሜሪካ ፌዴራል ወኪሎች መቆለፊያ እያላቸው ሳያውቁት በግልጽ ሲያወሩ ደጋግመው ሰሙ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የመቆለፊያው ማብሪያ የት ላይ እንዳለ ለማየት አስቸጋሪ መሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የሆላንድ ተመራማሪዎች የቴትራን መቆለፊያ ድክመት አጋለጡ።

ከሁሉም በላይ ትምህርት የሰጠው የዩክሬን ጦርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022፣ በጦርነቱ መጀመሪያ ሳምንታት የሩሲያ ወታደሮች ተራ የእጅ ሬዲዮ ይዘው፣ በግልጽ ነዳጅ አለቀብን፣ የአየር ድጋፍ ላኩልን እያሉ ሲጮኹ አማተሮች ቀዱት። ጋዜጦችም ቅጂዎቹን ከቪዲዮ ጋር አመሳክረው አንድ ውጊያ በየሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አሳዩ። ሆላንድ ያለው የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ የአጭር ሞገድ መቀበያውን በኢንተርኔት ለሁሉም ከፍቶ ስለተወ፣ ደሴ ተቀምጦ በስልኩ የአውሮፓን ሰማይ ማዳመጥ የሚፈልግ ሰው አንቴና እንኳን አያስፈልገውም። የተቆለፈ ንግግር ሳይቀር ዝም አይልም፤ ማን ማንን ስንት ጊዜ እንደጠራ፣ አንድ የጦር ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ሲያወራ አድሮ ጎህ ሲቀድ ድንገት ዝም ማለቱ በራሱ ይሰማል። ይህን ለማይማር የመገናኛ ሠራተኛ ጥብቅ ሕግ ብቻውን ምንም አይፈይድለትም፤ ጠላት የአዋጅ ቁጥር አይጠይቅም።

ለኮምቦልቻው ተማሪ በአሁኑ ጊዜ የተከፈተ ሕጋዊ በር አለ፤ ግን ሩቅ ነው። የመገናኛ ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአማተር ሬዲዮ ክበብ የሚገኘው ደግሞ አዲስ አበባ፣ 5 ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ሲሆን የጥሪ መለያው ኢቲ3ኤኤ ይባላል። የዓለም አማተሮች ኢትዮጵያን በመዝገባቸው ለማስገባት ይህን ጣቢያ ሲጠብቁ ያድራሉ፤ ተማሪዎችም እዚያ ማይክ ይዘው ከማያውቁት አገር ሰው ጋር መለያ ይለዋወጣሉ። ከሚሴንና ደብረ ብርሃንን አልፎ እዚያ ለመድረስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ለአማተር ሥራ የሚያስፈልገው ከፍታ ግን ደሴ ላይ ሞልቷል።